የተፋቀው ስም

ጥቅምት 5

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ካሉበት ይድረስዎ። እናቴም እኔም ቆመን እንሄዳለን፤ ከዚህ በላይ ደህና ነን ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ደብዳቤ የምጽፍልዎት ስልኩ የእናቴ ስለሆነ ነው። ሲደውሉ መጀመሪያ እሷ ታለቅሳለች፣ ቀጥሎ እርስዎ ያለቅሳሉ፣ በመጨረሻ ስልኩ ይሰጠኝና «አይዞህ፣ አሁን የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» ይሉኛል። እናቴ አጠገቤ ቆማ ፊት ፊቴን ስለምታየኝ የማስበውን ሳልጠይቅ እዘጋለሁ። ወረቀት ይሻላል። ይህን የምጽፈው በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሒሳብ የምሠራ መስያለሁ።

እናቴ የወንድሜን ዕቃ አልነካም ስላለች ያነሳሁት እኔ ነኝ። በሥራ ቦርሳው ውስጥ የጎማ መዶሻው፣ ሲንበረከክ ጉልበቱ ላይ የሚያስራቸው ሁለት ስፖንጆችና እርስዎ የላኩለት የመድኃኒት ብልቃጦች ነበሩ። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ሦስተኛው ተጋምሷል። ብልቃጦቹን ከዚህ በፊትም አይቻቸው ነበር፣ ግን በቅርብ አይቼ አላውቅም። አሁን አየኋቸው።

ሦስቱም ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተፍቋል። ሙሉው ቢፋቅ ምንም አልልም፤ ዕቃ ሲጓዝ ይፋቃል። የተፋቀው ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመድኃኒቱ ስም አለ። የመድኃኒት ቤቱ ምልክት አለ። የታማሚው ስም የሚጻፍበት መስመርና ስንት ስንት እንደሚዋጥ የሚገልጸው መስመር የሉም። የተፋቁትም በጥፍር አይደለም፤ በምላጭ ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ወንድሜ ሴራሚክ እንኳ እንዲህ አጥርቶ አይቆርጥም ነበር።

በሕይወት እያለ ጠይቄው ነበር። «አንተ ልጅ፣ ዳቦ የሰጠህን ሰው ዱቄቱን ከየት አመጣኸው ትለዋለህ?» አለኝና ሳቀብኝ። እኔ ግን ዳቦውን የበላው ሰው ሲሞት ስለ ዱቄቱ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም።

እርስዎ እዚያ ውጭ አገር ከሆቴሉ ሥራ በፊት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ይሠሩ እንደነበር አውቃለሁ። ስለዚህ በግልጽ እጠይቅዎታለሁ። የተፋቀው ስም የማን ነው? ለምን ተፋቀ? የወንድሜ ሐኪም በቀን አራት እንዲውጥ አዝዛው ሳለ «ሁለት ይበቃል» ያለውስ ማን ነው? የሞተ ሰው መድኃኒት ልከውልን ከሆነ ይንገሩኝ።

እናቴ ይህን መጻፌን አታውቅም። መልስዎ ካላሳመነኝ ግን እነግራታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 2

ይድረስ ለልጄ ለጠበቃው፣

ፈጣሪ ለአንተም ለእናትህም ጽናቱን ይስጣችሁ። የወንድምህን ነፍስ ይማር። እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቡ።

ፖስታው ላይ የአንተን ጽሕፈት ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ስከፍተው «ለተከበሩ» የምትል ቃል እንቅፋት ሆና መታችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው «እርስዎ» የሆንኩት? አንተን አዝዬ ጀርባዬን በሽንት ያራስከኝ ሴትዮ እኮ ነኝ! ያኔ አላከበርከኝም፤ አሁን ምን ተገኘና?

እንግዲህ ስማ። መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው። በራሴ እግር ሄጄ ከመድኃኒት ቤት ያመጣሁት ነው። የሞተ ሰው መድኃኒት አልላክሁም፤ ይህን ስትጽፍ እጅህ አለመንቀጥቀጡ ገርሞኛል። ወረቀቱን የፋቅኩት መድኃኒቱን ያደረሰችላችሁ መንገደኛ ስም ያለበት መድኃኒት አልይዝም ስላለች ነው፤ ፍተሻ ላይ ያስቸግረኛል አለች። ይኸው ነው። ነገር ከዚህ በላይ አይጎተትም።

እኔ ሥራ ቀይሬአለሁ። ክፍል ማጽዳቱን ትቼ እዚያው ሆቴል የልብስ ማጠቢያው ገባሁ። ምድር ቤት ነው፤ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም፤ አንሶላው እንደ ተራራ ነው። ግን ሁሉ ነገር ቅርብ ነው፣ ሊፍት መጠበቅ የለም። የሥራ ጓደኞቼ «ሩዝ ብቻ እየበላች እንደ አንሶላ ሳሳች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ነጭ ሩዝ ተስማምቶኛል፤ ሌላው አይጥመኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሦስተኛው ተጋምሷል ብለሃል። በውስጡ ስንት ፍሬ ቀረ? እንዳትጥለው። ለማንም እንዳታሳይ። ሐኪም ቤትም ይዘህ እንዳትሄድ፤ አንተ ነገር ማብዛት ትወዳለህ። ዝም ብለህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው።

እናትህን በእኔ ስም ሳማት። አክስትህ ነኝ፤ የተከበሩት ሳይሆኑ የድሮዋ።


ኅዳር 24

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «እርስዎ» ያልኩት ከልቤ ነው፤ ሰው የሚያውቀውን «አንቺ» ይላል።

መንገደኛዋን አነጋገርኳት። እኛ ሰፈር «ሻንጣ» ነው የምንላት፤ እየተመላለሰች ስለምትነግድ ያለ ሻንጣ ያያት የለም። ቤቷ ሄጄ ጫማ በካርቶን ስትደረድር አገኘኋት።

«ስም ያለበት መድኃኒት አልይዝም ብለሽ ነበር?» አልኳት።

«እኔ?» አለች። «ልጄ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ስም የሌለው ነው! ስም ያለው ቢጠየቅ ባለቤት አለው። አክስትህ የሰጠችኝ ተፍቆ ነው። ምነው ስላት ‹ዘይት ፈስሶበት ነው› አለችኝ።»

እንግዲህ ለእኔ ፍተሻ፣ ለሻንጣ ዘይት። ለእናቴ ምን ብለዋት ይሆን?

ሻንጣ ሌላም ነገረችኝ። ባለፈው ምሳ ልትጋብዝዎ ምግብ ቤት ይዛዎት ገባች። መስኮት ዳር ጥሩ ወንበር እያለ እርስዎ ከጓዳ በኩል፣ ከመጸዳጃው በር ፊት ለፊት ካልሆነ አልቀመጥም አሉ። «የሚሸት ቦታ አስቀምጣ ሩዝ ቆነጠረች» አለችኝ። ከምን እንደሚደበቁ አላውቅም። ከሰው ዓይን የሚሸሽ ሰው ግን ምክንያት አለው። እኔም አሁን ጠርጥሬ ሳይሆን አምኜ ነው የምጽፈው፤ የሆነ ነገር ደብቀዋል።

መድኃኒትዎ ምን እንደሠራ እንዲያውቁ የወንድሜን የመጨረሻ ሳምንታት ልንገርዎ። መጀመሪያ ላይ ረድቶት ነበር፤ ይህን አልክድም። ከሆዱ የሚወጣው ደም ቀንሶ፣ ፊቱ ተመልሶ ነበር። «ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ስሠራ እውላለሁ፤ ሲያስፈልገኝ ግን መቀመጫው ገና ካርቶን ውስጥ ነው» እያለ ያስቀን ነበር። ኋላ ግን እየባሰበት ሄደ። ከሆዱ በፊት ያማረረው ጉልበቱ ነው። ሁላችንም የሥራው ነው አልን፤ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚውል ሰው ጉልበቱን ቢያመው ማን ይገረማል? አብሮት የሚሠራውና ሲራመድ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል «ውሃ ልክ» የሚሉት ሰውዬ ሮዝ ክኒን ከሱቅ ገዝቶ ሰጠው። ጉልበቱ ተሻለው። ከዚያ በኋላ ያን ክኒን በኪሱ ሳይዝ ከቤት አይወጣም ነበር። የእርስዎን ደግሞ እንደ ትእዛዝዎ ጠዋት ጠዋት ሁለት ይውጥ ነበር። «የውጭው ጠንካራ ነው፣ ግማሹ ይበቃል ብላለች አክስቴ» ይለን ነበር።

ደሙ መመለሱን ደበቀን። እናቴ ያወቀችው ባልዲ ውስጥ የተዘፈዘፈ፣ ደም ያለበት ሱሪውን አግኝታ ነው። ሐኪም ጋ ሂድ ስትለው «ይህን ቤት ጨርሼ» አላት። ፎቅ ላይ ሴራሚክ እያነጠፈ ሳለ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ውሃ ልክ ተሸክሞት ወረደ። ሆስፒታል ሲከፍቱት አንጀቱ ተበስቶ ነበር አሉን።

አክስቴ፣ እኛ ቤት አዲስ ነገር የገባው የእርስዎ ብልቃጥ ብቻ ነው። የቀሩትን ፍሬዎች ቁጥር አልነግርዎትም። ለምን እንደፈለጉት መጀመሪያ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 9

ለጠበቃው፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ቀለሙ መለወጡን አይተህ ደግሞ ሌላ ክስ እንዳትመሠርትብኝ።

መርማሪ ሆንክ እንዴ? ሻንጣን ቤቷ ድረስ ሄደህ ቃሏን ተቀበልክ! እሷ እኮ የነገሯትን በሻንጣ፣ ያልነገሯትን በአፏ የምታመላልስ ሴት ናት። እኔ የት እንደምቀመጥ ለአንተ ምንህ ነው? ሰው ደክሞት ባገኘው ወንበር ይቀመጣል።

«ሁለት ይበቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው አልክድም። ይበቃዋል ብዬ ነው። አጥንቴ ድረስ ገብቶ የሚቆረጥመኝም እሱ ነው፤ ስለዚህ አንተ ተጨማሪ አትምታኝ።

ስለ ጉልበቱ የጻፍከውን ሳነብ አለቀስኩ። ጉልበት የዘራችን ነው መሰለኝ። እኔም ሰሞኑን ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ አብጠው ደረጃ መውጣት ተራራ ሆኖብኛል። ማጠቢያው ውስጥ ስቆም ስለምውል ነው። ደግነቱ እዚህ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ እንደ ማስቲካ የሚሸጥ የሕመም ክኒን አለ። ጠዋትና ማታ እሱን እውጣለሁ፣ እሠራለሁ። ወንድምህ ይውጠው እንደነበረው ያለ ነው መሰለኝ፤ የእሱ ሮዝ፣ የእኔ ነጭ።

አሁን ደግሞ ልለምንህ። ሻንጣ በዚህ ወር ወደዚህ ትመጣለች። የቀሩትን ፍሬዎች ስጣትና ወደ እኔ ይመለሱ። አንድም ሳይቀር። ለምን አትበለኝ። የምትጠረጥረኝን ያህል ጠርጥረኝ፣ ለእናትህም ንገራት፣ ብቻ ፍሬዎቹን ላክልኝ።

አክስትህ


ጥር 28

አክስቴ፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፤ ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ለጉልበትሽ የምትውጪውን ነጩን ክኒን አቁሚ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አቁሚና ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ከትናንት ጀምሮ በእናቴ ስልክ ደጋግሜ ደወልኩልሽ፤ አይነሳም። መልእክትም ላክሁ፤ አላየሽውም። ሻንጣ ነገ ስለምትነሳ ይህን እጅ ለእጅ እንድትሰጥሽ፣ ካልከፈትሽም ጎረቤት እስኪወጣ በሩን እንድትደበድብ ነግሬያታለሁ። «እሱን ለእኔ ተው፣ እኔ በር መደብደብ አውቃለሁ» ብላኛለች።

አሁን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገርሽ።

ፍሬዎቹን መልስ ስትዪኝ ማስረጃ ልታጠፊ ነው አልኩ። እውነቴን ነው። ስለዚህ አትውሰድ ያልሽኝ ቦታ ወሰድኳቸው። የወንድሜ ሐኪም የምትሠራው የድሮው ሆስፒታል ውስጥ፣ ጣሪያው በሚያንጠባጥብ ኮሪደር መጨረሻ ነው። ወንበሮቹ በቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ታስረዋል። ስገባ አወቀችኝ። ወንድሜን ስለምመስል ይሁን አላውቅም፣ መጀመሪያ ደነገጠች።

ብልቃጦቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ «ዶክተር፣ ይህ መርዝ ነው?» አልኳት።

አንዷን ፍሬ አውጥታ ወደ መስኮቱ ይዛ አየቻት። የብልቃጡን የታችኛውን ጽሑፍና ቀኑን አነበበች። «አይደለም» አለች። «ሜሳላዚን ነው። እኔ ያዘዝኩለትና እዚህ መድኃኒት ቤት የጠፋው እሱ ራሱ ነው። ቀኑም አላለፈም። ማን ነው ያገኘላችሁ?»

«አክስቴ» አልኳት። ደስ አላለኝም። እውነት ልንገርሽ፣ መርዝ ነው እንድትለኝ ፈልጌ ነበር።

«በቀን ስንት ይውጥ ነበር?»

«ሁለት። የውጭው ጠንካራ ስለሆነ ግማሹ ይበቃል ተብሎ።»

«ማነው ያለው?» ብልቃጡን አዞረችና ቁጥሩን በጣቷ አሳየችኝ። «መጠኑ እዚህ ተጽፏል። እኔ ካዘዝኩት ጋር አንድ ነው። መድኃኒት ድንበር ሲሻገር አይጠነክርም፣ የኔ ልጅ። ይህ የአንጀቱን ብግነት የሚያበርድ ነው፤ አንጀቱ ከውስጥ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲቆስል ቀስ ብሎ ያደርቀዋል። በግማሽ ግን እሳቱን ያዳፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።»

ከዚያ ሌላ ምን ይውጥ እንደነበር ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። «ለሆዱ አይደለም የምልህ። ለራስ ምታት፣ ለጥርስ፣ ለማንኛውም ነገር።» ያኔ ስለ ጉልበቱና ስለ ሮዙ ክኒን ነገርኳት። እንደ ቀልድ ነው የነገርኳት፣ አክስቴ፤ ለአንቺም እንደጻፍኩልሽ። ስክሪፕቶዋን አስቀመጠች።

«ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ የሚባሉት ናቸው?»

ስሙን አላውቅም አልኳት። ግን ሳጥኗን ከፍታ ስታሳየኝ አወቅሁት።

«እነዚህም ብግነት ያበርዳሉ፤ የሚያበርዱት ግን የጉልበትን ነው» አለች። «እንደ ወንድምህ ያለ አንጀት ላይ የተዳፈነውን ሊቀሰቅሱት፣ ሊያደሙት ይችላሉ። ሰው ግን አንዱ ለጉልበት አንዱ ለሆድ፣ ምን አገናኛቸው ይላል። ጉልበቱም እኮ ከሥራው ላይሆን ይችላል። ይህ በሽታ ሲነሳ መገጣጠሚያም ያማል፣ ያብጣልም። ጉልበቱን አሞኛል ብሎ ቢመጣ እኔ ስለ አንጀቱ ነበር የምጠይቀው። ለሕመም ብቻ ቢሆን ፓራሲታሞል ይሻለው ነበር፤ እሱንም ጠይቆ።»

«እንግዲያው የገደለው ሮዙ ነው?» አልኳት። ውሃ ልክ ነበር በዓይኔ ላይ የመጣብኝ።

«አንድ ገዳይ ስጪኝ እያልከኝ ነው» አለች። «የለኝም። ግማሽ መድኃኒት አለ። ያ ክኒን አለ። የደበቀው ደም አለ። ያልመጣበት ቀጠሮ አለ። ለኩላሊቱ የደም ምርመራ እንኳ አልመጣም፤ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየጊዜው ማድረግ ነበረበት። የትኛው ብቻውን እንደሆነ የሚነግርህ ሰው ካገኘህ አትመነው።»

ልወጣ ስል የተፋቀውን አሳየኋትና ስሙ የማን ሊሆን እንደሚችል ጠየቅኋት። እሷ ቀለል አድርጋ ነው የመለሰችው። «ይህ መድኃኒት ለራስ ምታት አይታዘዝም። ይህን የሚወስድ ሰው ያው ወንድምህን የመሰለ አንጀት ያለው ነው። ስሙም የእሱ ነዋ።»

አክስቴ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደብዳቤዎችሽን በልቤ አነበብኳቸው። ምድር ቤት ነው፣ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው ብለሻል። ወንድሜም አዲስ የሥራ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሽንት ቤቱ ቅርብ መሆኑን ነበር። ሩዝ ብቻ ይስማማኛል ብለሻል። ከመጸዳጃው በር ፊት ተቀምጠሻል፤ እኔ ደግሞ ከሰው ተደበቀች ብዬ ከሰስኩሽ። ጉልበትሽና ቁርጭምጭሚትሽ አብጧል። ደብዳቤ ጀምረሽ ትተሻል። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ተኝቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ግን አንቺን እንደ ሌባ እያየሁ ስለነበር አላየሁትም።

ስሙ የአንቺ ነው። ብልቃጦቹ የአንቺ ናቸው። አራት አራት እንድትውጪ የታዘዘልሽን ሁለት ለእሱ፣ ሁለት ለራስሽ አደረግሽው። አሁን ፍሬዎቹን መልስልኝ የምትዪው ስላለቀብሽ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ስልኳን የሰጠችኝም በዚያ ነው። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «ልጅ ሆና ከረሜላ ሲሰጧት በጥርሷ ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለእኔ ታመጣ ነበር» አለች። «እኔም ምራቋን ጠርጌ እበላ ነበር። እሷ አልተወችም፣ እኔም አልተውኩም።» ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ፍሬዎቹን አልልክም። ሐኪሟ ተከፍቶ ከአገር አገር የዞረ መድኃኒት አይመለስላት አለች። ወደ ራስሽ ሐኪም ሄደሽ እውነቱን ንገሪው፦ ለሌላ ሰው አካፍያለሁ፣ አልቆብኛል፣ የጉልበት ክኒንም እውጥ ነበር በይው። አይቆጣሽም፤ ቢቆጣሽም ይቆጣሽ። የታዘዘልሽን ሙሉውን፣ ሳታደቅቂው ዋጪ። ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ አታቁሚው። ደም ካለሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ሆድሽ ከጠነከረ «ይህን አንሶላ አጥቤ» አትበዪ። አንድ ሰው «ይህን ቤት ጨርሼ» ብሎብናል።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልችልም። መድኃኒቱን ማካፈልሽን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይቅርታ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል። «ይበቃል» ማለትሽን ግን ገና ይቅር አላልኩም። ግማሽ ነው ብትዪው ኖሮ ቀሪውን ይፈልግ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እንጣላበታለን። ለመጣላት መኖር አለብሽ።

ልጅሽ


መጋቢት 3

ለጠበቃዬ፣

ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። ከአልጋ ላይ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን አትሳቅበት።

ሻንጣ ያልከውን አድርጋለች። በሩን እንደ እብድ ነው የደበደበችው፤ የላይኛው ቤት ሰውዬ በፒጃማ ወረደ። እኔ ወለሉ ላይ ወድቄ ስለነበር ለመክፈት ጊዜ ወሰደብኝ። ሆስፒታል አድርሳኝ ደብዳቤህን እዚያው ለሐኪሞቹ አንድ በአንድ ተረጎመችላቸው። ጫማ የምትነግድ ሴት ስለ አንጀቴ ለነጭ ለባሾች ገለጻ ስታደርግ ብታይ! ደም ሰጡኝ። ጠንካራ መድኃኒት ጀመሩልኝ፤ እሱን ደግሞ ከምንልሽ ውጭ በድንገት እንዳታቆሚ ብለው አስጠንቅቀውኛል። ሕመሙ ሲቀልልኝ ወደ ድሮው መድኃኒቴ ተመለስኩ። አሁን ሩዙ ላይ ትንሽ ድንች ተጨምሯል።

ለምን ደበቅኩ ትለኝ ይሆናል። እናትህ የወንድምህን ሕመም በስልክ ስትዘረዝርልኝ አንድ በአንድ የራሴን ነበር የምትነግረኝ።  እኔም እንዲህ ነኝ ብላት አንዲት ፍሬ አትቀበልም። አንተ እናትህን አታውቃትም? ስለዚህ ስሜን ፋቅኩ። የአዋዋጡንም መስመር ፋቅኩ፤ አራት የሚለውን ካየ ግማሹ እንደቀረበት ያውቃላ። «ይበቃል» ያልኩት ለዚያ ነው። በእሱ መጣላት መብትህ ነው፤ እጠብቅሃለሁ።

ከዚህ ጋር ሻንጣ አንድ ብልቃጥ ትሰጥሃለች። ባዶ ነው። ብቻዬን፣ እንደታዘዘልኝ የጨረስኩት የመጀመሪያው ነው። ወረቀቱን ማንም አልነካውም። ስሜን አንብበው።

አክስትህ


መጋቢት 25

ይድረስ ለአክስቴ፣

ፈጣሪ ጨርሶ ይማርሽ። እኛ ደህና ነን፤ አሁን ስጽፈው ያን ያህል አልዋሸሁም።

ብልቃጡ ደርሷል። ወንድሜ ለእናቴ ባነጠፈላት የወጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ አንዲት ሴራሚክ ወጣ አድርጎ የሠራት መደርደሪያ አለች፤ እዚያ ከተፋቀው ጎን አስቀመጥነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስምሽን ከነአባትሽ ጮክ ብላ አነበበችው፤ በስም ስትጠራሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀጥላ አራት የሚለውን አነበበች። ውሃ ልክም መጥቶ ነበር። ስለ ሮዙ ክኒን ነገርኩት። ከኪሱ አውጥቶ አየውና «ለእኔስ ይሆናል ወይ?» አለኝ። ጠይቅ አልኩት።

እናቴ የምትልሽ ይህ ነው፦ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትልኪልን። ሲያልቅ ሲያልቅ ባዶውን ብቻ ላኪ። መደርደሪያዋ ብዙ ትይዛለች።

እኔ ግን ታውቂኛለሽ። ፍሬዎቹን ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጠሽ፣ ባዶውን ልከሽልን ለሌላ ሰው እያካፈልሽ ቢሆንስ? ከረሜላ ገማሽ ሰው አላምንም። ስለዚህ ሻንጣ ስትመጣ ፊቷ ቆመሽ እንድትውጪ፣ እሷም አፍሽን አስከፍታ እንድታይ አዝዣታለሁ። እሺ ብላለች።

ልጅሽ ጠበቃው